ዳገት ላይ የምታፏጭ መኪና

መካኒኩን ደጉን፣ ነገር ሁሉ የተበላሸበት ቀን መቼ ነው ብትሉት፣ ሳያስብ «ሐሙስ» ይላችኋል። ከዳግማይ ትንሣኤ ወዲህ ያለችው ሐሙስ፤ ያስተምርበት የነበረው ኮሌጅ የፈጠራ ሥራ ኤግዚቢሽን የከፈተባት፣ እሱ ደግሞ የባልደረባውን ተማሪዎች ሊፈትንለት ጢቾ የሄደባት። ጠዋት ሲወጣ ለወራት የለፋበት አንድ ሥራ ነበረው። ማታ ሲመለስ ሥራው የዚያ ባልደረባው ሆኖ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ጭብጨባው አልቆ፣ ወንበር እየተሰበሰበ ደረሰ። አቤት አለ፤ ኮሚቴ ተቀመጠ። ኮሚቴው ማስረጃ አምጣ አለው፤ እሱ ግን የሠራበት እጁ እንጂ ማስረጃ አልነበረውም። «በባልደረባው ስኬት የሚቀና» የምትል ቃል እንደ ቅጽል ስም ተለጥፋበት ቀረች። ከዚያ ወዲያ በኮሌጁ በር ማለፍ እንኳ አስጠላው፤ ዲግሪውን ይዞ አሰላ መግቢያ ላይ ካለው የአክመል ጋራዥ ገባና ቱታ ለበሰ።

ሐሙስ ግን አልተወችውም። ከዓመታት በኋላ፣ የአርሲ ስንዴ በሚታጨድበት በታኅሣሥ፣ በአንድ ብሩህ ከሰዓት፣ በመኪና ተሳፍራ ጋራዡ ደጃፍ ድረስ መጣችለት።

መኪናዋ ቱርቦ ያላት ግራጫ ሱባሩ ናት። ከኢተያ ጀምራ ዳገቱን እያፏጨች፣ ኋላም ጉልበቷ ከድቷት በጋሪ ፈረስ እየተቀደመች ነው የደረሰችው። ከፊት ወንበር እትዬ ተናኘወርቅ ወረዱ፤ የኮሌጁ የቀድሞ ኃላፊ፣ አሁን ጡረተኛ፣ ያኔ የዚያ ኮሚቴ ሰብሳቢ። ከመሪው ጀርባ ደግሞ ያ ባልደረባ ወረደ። ስሙን ደጉ በዚያ ከሰዓት አንድ ጊዜም አልጠራውም፤ ስለዚህ እኛም አንጠራውም። ቱታ የለበሰው ማን እንደሆነ ሲያይ ተመልሶ ሊገባ ቃጣ፤ መኪናዋ ግን ከዚህ ወዲያ አንድ እርምጃ አልሄድም ብላለች። ስልኩን አወጣና በሩ ላይ ተደግፎ ማየት ጀመረ።

እትዬ ተናኘ ነገር መደበቅ አያውቁም፤ ሰላምታው ሳያልቅ ወሬውን ሁሉ አፈሰሱት። ቅዳሜ የኮሌጁ አዲስ ወርክሾፕ ይመረቃል። ንግግር የሚያደርጉት እሳቸው ናቸው። አየሩን ከሞተሩ ሙቀት የሚያድነውን ያንን የታወቀ ስፔሰር ለፈጠረው ሰው ካባ የሚያለብሱትም እሳቸው ናቸው። ይህን ሲሉ በሩ ላይ ወደ ተደገፈው ሰው በእናት ዓይን ተመለከቱ።

ደጉ ካባ አላማረውም። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያኔ «ቅናት ነው» ብሎ የፈረደበት አፍ፣ ከቅዳሜ በፊት «ያንተ ነበር» እንዲለው። በቀጥታ ቢጠይቅ ምን እንደሚባል ያውቀዋል፤ ጠይቆ አይቶታል። ስለዚህ ፈገግ አለ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ የመኪናዋን ኮፈንም ከፍ አደረገ።

«አካም ኦልተኒ፣ እትዬ! ኧረ በሞቴ፣ ወደ ፀሐዩ ይቀመጡ፤ የጭላሎ ነፋስ ለጡረተኛ አያዝንም። አክመሎ፣ ያቺን ደህናዋን ወንበር አምጣልኝ። እግሯ በሽቦ የታሰረውን አይደለም፣ ሌላዋን! ... እሺ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? የልጅ ልጆቹስ? ተመስገን ነው። አዝመራውን አዩልኝ? ዘንድሮ ዋግ ሳይነካው፣ በረዶ ሳይመታው፣ ከኢተያ ወዲህ ያለው ማሳ ወርቅ የፈሰሰበት አይመስልም? እኔ ኮምባይነር ሲያጭድ ቆሞ ማየት ደስ ይለኛል። አራሹ ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ሲረግጥ፣ ሲያርም፣ ደመና ባየ ቁጥር ስለት ሲሳል ይከርማል። ኮምባይነሩ አንድ ከሰዓት ይመጣና ገርርር አድርጎት ይሄዳል። ሕፃናቱ ታዲያ ማንን ተከትለው ነው የሚያጨበጭቡት? አራሹን? ምን በወጣቸው! ... እውነታቸውን ነው እኮ። አራሽ ምን የሚታይ ነገር አለው፣ እትዬ?»

ከኮፈኑ ሥር የወጣው ትኩሳት ፊቱን ገረፈው። ሞተሩ ሳይበርድ እጅ አይገባበትም፤ ለደጉ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ስጦታ አልነበረም።

«ትንሽ ትብረድ። የጋለ ነገር በባዶ እጅ አይነካም፤ ይህን ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከኑሮ ነው የተማርኩት። እኔማ ስበርድ ስበርድ ... ይተዉት፣ ስለ ሞተሩ ነው የማወራው። እርስዎስ ጌታዬ፣ ሻይ ይምጣልዎ? ... እሺ፣ እሺ፣ አይቸገሩ። ሥራ የሚበዛበት ሰው ያስታውቃል። ስልክ እንዲህ አተኩሮ የሚያይ ሰው ወይ ትልቅ ኃላፊ ነው፣ ወይ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ሌላ ቦታ ያጣ ነው። እርስዎ ኃላፊ ይመስሉኛል።»

ጌታው ቀና አላለም። አክመል ጎማ የሚነክርበት በርሜል ላይ አጎንብሶ፣ የሌለ ቀዳዳ መፈለግ ጀመረ። አክመል ሳቁን የሚደብቀው እንደዚያ ነው፤ አፉ ውሃው ሊነካ እስኪደርስ ይደፋል።

«ለምን እንደምታፏጭ ልንገርዎት፣ እትዬ? እርስዎ የአስተዳደር ሰው ነዎት፤ ከብረት ጋር ብዙም አይተዋወቁም፣ እኔም በቀላሉ ላስረዳዎ። ይህ የሞተሩ ራስ ነው፤ ሁልጊዜ ይግላል። ይህች ደግሞ ማኒፎልድ ትባላለች፤ ቱርቦው የገፋውን አየር ተቀብላ ለሞተሩ ታከፋፍላለች። ሁለቱ ተጣብቀው ስለሚኖሩ የአንዱ ትኩሳት ለሌላው ይተርፋል። የሞቀ አየር ደግሞ ሰነፍ ነው፤ አሰላ ድረስ ሽቅብ አይወጣም። ስለዚህ በመሃላቸው ሙቀት የማያሳልፍ ጠፍጣፋ ነገር ይገባል። ስፔሰር ማለት እሱ ነው፤ ሌላ ተአምር የለውም። ሁለት ጎረቤት ሲካረር መሃል የሚቀመጥ ሽማግሌ ይበሉት። ... ወይ ኮሚቴ። አይ፣ ኮሚቴስ ይቅር። ኮሚቴ አንዳንዴ ሙቀቱን ወደ አንድ ወገን ብቻ ያሳልፋል፤ ስፔሰር እንዲህ ያለ ዓመል የለውም። ምነው፣ ፀሐዩ በዛብዎ?»

እትዬ ተናኘ ወንበራቸውን ፈቀቅ አድርገው ነበር። ደጉ ነፋሱ ወደማይደርስበት እንዲጠጉ በእጁ አሳያቸውና መፍቻውን አነሣ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ማላላት ሲጀምር ድምፁ ይበልጥ ጣፈጠ።

«ከውጭ የሚመጣውን ስፔሰር እዚህ አገር ማን ያገኘዋል? ስለዚህ ከድሮ የመብራት ቆጣሪ ሰሌዳ ይሠራል። ያ ጥቁሩ፣ ሙቀት የማያሳልፈው፣ ሰው የሚጥለው። ይህ ሐሳብ በአንድ ሰው ጭንቅላት ነው የመጣው። በማን ጭንቅላት እንደሆነ ... አገር ያወቀው ነው፤ እኔ ምን አገባኝ! አንድ ሰው አውቃለሁ፣ እትዬ፤ እርስዎ የሚያውቁት አይመስለኝም። በዚህ በስፔሰር ነገር ስሙ ሰማይ ነክቷል። እንዴት ያለ ሰው መሰለዎት! ታታሪ ነው። ሰው የጀመረውን ሥራ ሲጨርስ እንደሱ ፈጣን አላየሁም፤ አንዳንዴም ባለቤቱ ከጨረሰው በኋላ እንኳ ይጨርሰዋል። ከሰው ጋር መሥራት ይወዳል፤ በተለይ ሥራው ካለቀ። አርቆ አሳቢ ነው፤ ትልቅ ቀን ሲመጣ ወዳጁ ራቅ ብሎ እንዲውል አስቀድሞ ያስብለታል። ‹አንተ ለተማሪ ታዝናለህ፣ እባክህ ሄደህ ፈትንልኝ፣ እኔን ራሴን አሞኛል› ሲል አንደበቱ! እንዴት እምቢ ይባላል? የታመመ ወዳጅን እምቢ የሚል ሰው ነው? ... ተመስገን፣ በሽታው ጠንካራ አልነበረም። በዚያው ቀን ከሰዓት ተሽሎት መድረክ ላይ ወጥቶ ዋለ አሉ።

«ደግሞ ትሑት ነው። ‹ይህን እኔ ብቻዬን አሰብኩት› ሲል ጆሮዬ አልሰማውም። እኔ በሌለሁበት ብሎ ከሆነ እንጃ ... ሰው በሌለበት የተባለውን እንዴት ይሰማል? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ፤ እሱን ግን የሚቆጨው ነገር አይኖርም፤ ሳይሾም ነው የበላው። ከበላም በኋላ ነው የሾሙት። ሥርዓቱን ጠብቆ ነው ማለት ይቻላል፤ ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው ትንሽ የተዛነፈው።»

የጌታው ስልክ ጠራ። ጌታው ሳያነሣው ዝም አሰኘው።

«ያንሡት እንጂ ጌታዬ፤ በእኛ ወሬ አይታሰሩ። እኛ የሌላ ሰው ወሬ ነው የምናወራው። ... ውይ፣ ይህቺ ብሎን ምን ነካት? አጭር ናት! አዩ እትዬ፣ በመሃል ስፔሰር ሲገባ ብሎኑም በዚያው ልክ ረዘም ማለት አለበት። ይህ ሰው ስፔሰሩን አስገብቶ ብሎኑን የድሮውን ተጠቅሟል። ጫፏ ብቻ ነው የያዘችው። ለጊዜው ትይዛለች፤ ለፎቶ በቂ ናት። ዳገት ሲመጣ ነው ጉዱ። አሰላ ደግሞ ከየት ቢመጡ ዳገት ነው፤ ወይስ ከእኛ ሰፈር ቁልቁለት የሆነለት ሰው አለ?

«ሮቤ ሳለሁ ያየሁትን ጋሪ ነጂ ነግሬዎት አላውቅም? ሳምራ የምትባል ዘመዴን ጥየቃ ሄጄ ነው። የዚያ ሰውዬ ፈረስ ገበያውን ሁሉ ያስደነቀ ነበር። ሳይነዱት ይሄዳል፣ ሳይስቡት ይቆማል፣ ባጃጅ ሲመጣ ራሱ ጥግ ይይዛል። ‹ማን አሠለጠነልህ?› ሲሉት ደረቱን ነፍቶ ‹እኔ ነኛ! ከውርንጭላነቱ ጀምሮ!› ይላል። ሕዝብ አመነው፤ የማያምንበት ምን ምክንያት አለው? ልጓሙ በእጁ ነው። አንድ ቀን ታዲያ ትልልቅ ሰዎች አሳፍሮ፣ ሙሽራ ይሁን ባለሥልጣን ረሳሁት፣ በአንድ መንደር ውስጥ ሲያልፍ ፈረሱ ጋሪውን እንደጎተተ ዞር አለና ከአንድ ግቢ ገባ። ሰውዬው ቢገርፈው፣ ቢለምነው፣ አልወጣም አለ። ከዚያ አንዲት ሴት ከቤት ብቅ ብላ ‹ውይ ልጄ፣ መጣህልኝ?› አለችው። ሰውዬውን አይደለም፤ ፈረሱን። ... ይህን ለምን አነሣሁት? እንዲያው መኪናዋ በዚያ ሁሉ ጋራዥ መካከል አልፋ እኛ በር ላይ ስትቆም ትዝ ብሎኝ ነው። ፈረስ ቤቱን ያውቃል፤ ብረትስ አያውቅም ያለው ማነው?»

አክመል በርሜሉ ውስጥ «ያ ረቢ!» አለ። ውሃው ተንቦጫረቀ።

ማኒፎልዷ ከቦታዋ ወጣች። ደጉ እጁን አስገብቶ በቀስታ፣ ልጅ ከእንቅልፉ እንዳይነቃ ተደርጎ እንደሚነሣ፣ ጥቁሩን ጠፍጣፋ ነገር አወጣው። ጠርዙን ያውቀዋል። እያንዳንዱን ኩርባ ያውቀዋል። ከመካከሉ ወደ አንድ ወገን ያለችውን ትንሽ ቀዳዳም አወቃት። ጠረገውና በሁለት እጁ ለእትዬ ተናኘ አቀረበላቸው።

«እስቲ ይያዙት፤ ቀሚስዎን እንዳያቆሽሽ ብቻ። እነዚህ ትልልቆቹ አየር የሚያልፍባቸው ናቸው። እነዚህ ትንንሾቹ ደግሞ የብሎን ናቸው፤ ማኒፎልዷም ላይ አቻቸው አለ። ይህችስ? ይህች ብቻዋን ያለችው? ብሎን አይገባባትም። ማኒፎልዷ ላይ አቻ የላትም፤ ሞተሩም ላይ የላትም። ... ይህችን በተመለከተ አንድ ነገር ሰምቻለሁ፤ እኔ በቦታው አልነበርኩም፣ ጢቾ ነበርኩ፣ ሰዎች ናቸው የነገሩኝ። በዚያ ኤግዚቢሽን አንዲት አስተዋይ ሴት ሥራውን ተመልክተው ‹ይህቺ ቀዳዳ ለምንድን ናት?› ብለው ጠየቁ አሉ። ማን ነበሩ? አላስታውስም። ... እርስዎ ያስታውሱ ይሆን? ያ ሰው ደግሞ ሳይደነግጥ ‹መተንፈሻ ናት፤ ሞተሩ ሲጨነቅ የሚተነፍስባት› አለ። አቤት ጭንቅላት! ሰው በዚያ ፍጥነት እንዲህ ያለ መልስ ከየት ያመጣል? አጨበጨቡለት። እኔም ብኖር አጨበጭብ ነበር፤ እውነቴን ነው።

«ችግሩ ሞተር እንደ ሰው አይደለም፤ አየር እንዳያሾልክ ታፍኖ መያዝ ያለበት ቦታ አለው። ብረትና ብረት ሲገጥሙ አየር እንዳያሳልፉ መካከላቸው ስስ ልባስ ይደረጋል፤ እኛ ጓርኒሲዮን እንለዋለን። ይህቺ ቀዳዳ ከአየር መንገዱ አጠገብ ስለሆነች ልባሱ እዚህች ጋ መደገፊያ የለውም። ቱርቦው ሲገፋ፣ ሲገፋ ... ይኸው፣ አዩት? ተቀደደ። ከዚያ ዳገት በመጣ ቁጥር የተገፋው አየር በዚህ ሾልኮ ይወጣል። ፉጨቱ እሱ ነው። ደግነቱ፣ ሜዳ ላይ አታፏጭም። ቢሮ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ መድረክ አጠገብ ቆማ፣ ፎቶ ስትነሣ ... ድምፅዋ አይሰማም።»

እትዬ ተናኘ መነጽራቸውን ከቦርሳቸው አወጡ። ጣታቸውን በቀዳዳዋ ዙሪያ አዞሩ። ደጉ ይህን እያየ እንዳላየ፣ ወሬ እንደሚለውጥ ሰው ወደ ግድግዳው ዞረ።

«እስቲ እሱን እንተወው፤ ጨዋታ እንለውጥ። የእኛን ግድግዳ አይተውት ያውቃሉ? ሙዚየም ነው እኮ! ያ ሁሉ የተሰቀለው ካርቶን የየመኪናው ልክ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የዘይት ካርቶን ይወስዱና የብረቱ ፊት ላይ ይዘረጉታል፤ ዳር ዳሩን በመዶሻ ጠብ ጠብ ሲያደርጉት ብረቱ ራሱ ልኩን ይቆርጥልዎታል። በዚያ ልክ ጓርኒሲዮንም ያወጣሉ፣ ስፔሰርም ይሠራሉ። ሲጨርሱ አይጣልም፤ ነገ ሌላ መኪና ይመጣል። ግድግዳው ላይ ሚስማር አለ፤ ካርቶኑን ባመቸዎት ቦታ ወጋ አድርገው ይሰቅሉታል። ተማሪዎቼንም እንደዚህ ነበር የማስተምራቸው፤ ማለቴ ... ተማሪ በነበረኝ ጊዜ። ይህ የጋራዥ ሰው ልማድ ነው። በኮምፒውተር ብቻ የሚሥል ሰው ሚስማር ላይ የሚሰቅለው ነገር የለውም፤ ስለዚህ ይህችን ልማድ ባያውቃት አይፈረድበትም።

«እኔ አንድ ካርቶን ነበረኝ። የሰውን ልጅ በስሙ እንደሚያውቁት የማውቀው ካርቶን። አንድ ቀን ኮሌጁ ወርክሾፕ ውስጥ ከሰቀልኩበት ሚስማር ላይ አጣሁት። አይጥ በላው አልኩ። የአርሲ አይጥ ስንዴ ጠግቦ ካርቶን ምን ይሠራለታል? አላውቅም። ምናልባት የተማረች አይጥ ትሆናለች። በኋላማ ውጭ አገር ሄዳ ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ ተመለሰች ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ደስ ብሎኛል። የበላችው ጠቅሟታል።

«እስቲ እነዚያን ካርቶኖች ልብ ብለው ይዩልኝ። ሁሉም ላይ ከብሎኑ ቀዳዳ ሌላ፣ ሚስማሩ ያለባት አንዲት ትርፍ ቀዳዳ አለች፤ አዩዋት? ... እንግዲህ በዚያ ሊቅ ሰው አባባል ከሆነ፣ የአክመል ግድግዳ ሙሉውን ይተነፍሳል ማለት ነው!»

አክመል ከበርሜሉ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ሮጠ። ሳቁ ከቆርቆሮው ማዶ ተሰማ። እትዬ ተናኘ ግን አልሳቁም። ግድግዳውን አዩ፤ እጃቸው ላይ ያለውን አዩ፤ እንደገና ግድግዳውን አዩ። ከዚያ በሩ ላይ ወደ ተደገፈው ሰው ዞረው፣ ለረጅም ጊዜ፣ ያለ እናት ዓይን አዩት። ስልኩ ጠፍቶ ነበር። ጌታው የጠፋውን ስልክ ማየቱን አላቋረጠም።

ደጉ ያቺ «ያንተ ነበር» የምትል ቃል አሁን ትወጣለች ብሎ ጠበቀ። አልወጣችም። ስለዚህ ከመደርደሪያው ራሱ የሠራውን፣ ትርፍ ቀዳዳ የሌለበትን አዲስ ስፔሰር አወረደ፤ የተቃጠለውን ልባስ ከብረቱ ላይ ፍቆ አነሣ፤ አዲሱን አለበሰ፤ ማኒፎልዷን በረዘም ባሉ ብሎኖች በቦታዋ መለሰ። አንደበቱ ግን አላረፈም።

«የድሮውን ልባስ ሳይፍቁ አዲስ ላዩ ላይ የሚያለብሱ አሉ። ያምራል። ግን አይዝም፤ ሥሩ ያለው ቆሻሻ አንድ ቀን ገፍቶ ያወጣዋል። ካባም እንደዚያ ነው አሉ ... እኔ ካባ ለብሼ አላውቅም፣ ከሰማሁት ነው። ብሎን ደግሞ ሲጠበቅ ከመሃል ተጀምሮ ወደ ዳር ነው፤ አንዱን አጥብቀው ሌላውን ከረሱት ይጣመማል። ሁሉንም ወገን ነካ ነካ እያደረጉ፣ እኩል። ለፍርድም የሚሆን አሠራር ነው፣ አይመስልዎትም? ሁለቱንም ወገን ማየት ማለቴ ነው። ... ካስተማሩኝ ተረት ሁሉ ደግሞ የምወዳት አንዲት አለች። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ይሉ የለ? ያ የድሮ ሰው የኛን ዘመን አላየም፤ ዛሬ ሥራ ለሠሪው፣ ጭብጨባ ለደረሰው ነው። እሾሁ ግን እንደ ድሮው ላጣሪው ቀርቷል፤ እሱን ማንም አልወሰደብኝም።

«ያስነሡ፣ ጌታዬ! ይርገጧት። ... ጠንከር አድርገው! ... ሰሙ፣ እትዬ? የምን ፉጨት? ዝም ብላ እንደ ንብ ነው የምታጉረመርመው። ሞተሩ ሲሞቅ ብሎኖቹ አንዴ ደግመው መጠበቅ አለባቸው፤ ለሱም ብቅ ይበሉ። የሚያፍሩበት ነገር የለም፤ እዚህ የሚመጣ ሰው ሁሉ የተበላሸ ነገር ይዞ ነው የሚመጣው።»

እትዬ ተናኘ ተነሡ። አሮጌውን ስፔሰር ለደጉ አልመለሱለትም። በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ከብብታቸው ሥር ያዙት። ደጉ አየ። ለቅዳሜ ሊይዙት ነው ወይስ ከሰው ዓይን ሊሸሽጉት? ከፊታቸው ምንም አልተነበበለትም። ወደ መኪናዋ አንድ እርምጃ ሄዱ። ደጉ መፍቻውን ጥሎ ቀደማቸው፤ በሩን ከፍቶ ያዘላቸው።

«ይሂዱ፣ በሰላም ይግቡ። ግን ሳልመርቅ አልሸኝዎትም፤ ያሳደጉኝ እናት ሰው ከደጅ ያለ ምርቃት አይሸኝም ይሉ ነበር። ለዚያ ለማውቀው ሰው ነው ምርቃቱ፤ ያደርሱልኛል፣ ባይደርስም ቅርብ ነው፣ ይሰማዋል። ዕድሜ ከጤና ይስጠው። ካባውን በደህና ይልበሰው፤ ሰፋ ብሎ ይምጣለት፣ የሚሸፈን ነገር ሁሉ እንዲሸፈንለት። ልጆቹ ይደጉለት፣ ይማሩለት፣ ከሱ የበለጠ ጭንቅላት ይስጣቸው፤ ሌሊት ተነሥተው የሚያስቡት፣ በገዛ እጃቸው የሚሠሩት፣ እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚወዱት ሥራ ይስጣቸው። ከዚያም ... ከዚያም እግዚአብሔር ለእያንዳንዳቸው፣ ልክ እንደ አባታቸው ያለ አንድ ጓደኛ ይስጣቸው!»

ከጓሮ የአክመል ሳቅ ተቋርጧል። ጌታው መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ፊት ያያል፤ ከአንገቱ በላይ ያለው ሁሉ ቀልቷል። እትዬ ተናኘ አንድ እግራቸው መኪናዋ ውስጥ፣ አንድ እግራቸው መሬት ላይ፣ ነጠላቸውን እንዳቀፉ ቆመዋል።

«ምነው? ... ምርቃት እኮ ነው። ምርቃት ሲሰማ አሜን አይባልም? ... እርስዎ፣ ጌታዬ? ለልጆችዎ አይሁን እንጂ ለሰው ልጅ አሜን ማለት ምን ያስከፍላል? ... እትዬ? እትዬ ተናኘ፣ ያኔ ስጮህም ዝም፣ ዛሬ ስመርቅም ዝም? አሜን ይበሉ፤ ካልሆነም ዋሸህ ይበሉኝ፤ እቀበላለሁ። ዝም ብቻ አይበሉኝ። ከእናንተ ከሁለታችሁ አንዳችሁ፣ ማንም ይሁን፣ ዛሬ ከዚህ ደጅ ሳትወጡ ... መልሱልኝ!»